ትንፋሽህን ቁጠር፣ ሕሊናህን አትልቀቅ



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ወጥቶ ወደ አሜሪካ ጦር ሠራዊት የገባ አንድ ወንድማችን በእጁ የጻፈው ደብዳቤ ደረሰኝ። በዐሥሩ ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ስልክ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በስልክ መልእክት ያደገ ልጅ እዚያ ሲገባ ወረቀትና እስክሪብቶ ይፈልጋል። የጻፈው ሌሊት በዘብ ተራው ላይ ነው። አማርኛው የሰንበት ትምህርት ቤታችን አማርኛ ነው፤ ግማሹ ፊደል ተንጋዷል። ስሙንም ሆነ የሠለጠነበትን ቦታ አልጠራም፤ ጥያቄውን ግን ለእናንተ እንዳካፍል ፈቅዶልኛል።

“ጋሼ” ይላል፤ “እዚህ ማታ ማታ ሰውነታችንን ካፍታታን በኋላ በጀርባችን አስተኝተው ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ቁጠሩ ይሉናል። ዮጋና ማይንድፉልነስ ነው ብለውናል። ሐሳብ ሲመጣባችሁ አትፍረዱበት፣ እንደ ደመና ይለፍ ይላሉ። ያን ቀን የዋልነው ተኩስ ላይ ነበር። ኢላማው የሰው ቅርጽ አለው፤ ሲመታ ይወድቃል። ሲወድቅልኝ ደስ አለኝ። ማታ ተኝቼ ያ ደስታዬ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ፤ ነገ እውነተኛ ሰው ቢሆንስ አልኩ። አሠልጣኙ ግን ‘ይለፍ፣ አትያዙት’ አለ። አሳለፍኩት። ደህና እንቅልፍም ተኛሁ። ጋሼ፣ ማሳለፍ ነበረብኝ ወይ?”

እባካችሁ የመጨረሻውን ጥያቄ ደግማችሁ አንብቡት። ልጁ እሑድ በተፈቀደለት አጭር ስልክ ነገሩን ለእናቱ ነግሯቸው ነበር። እናቱ ከጸሎት ጓደኞቻቸው ጋር ተማክረው “ዮጋ የአጋንንት አሠራር ነው፤ ተነሥተህ ውጣ” አሉት። አብሮ አደጉ ደግሞ “ስፖርት ነው፣ አታካብድ” አለው። ሁለቱም ስለ ዮጋ መለሱለት፤ እሱ ግን የጠየቀው ስለ ሕሊናው ነበር።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከሁለቱም መልሶች ጋር ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የምሟገተው ከራሳችን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ነው።

ይህ ነገር ለምን የእኛ ሆነ?

“ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው” የምትሉ ካላችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በሚኒሶታ ባሉ ጉባኤዎቻችን ልጁ ወታደር የሆነ ቤተሰብ የሌለበት ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ድረስ ሠራዊቱ ተፈላጊ ቋንቋ ለሚችሉ የውጭ ዜጎች ማቭኒ የተባለ በር ከፍቶ ነበር፤ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ዛሬም ልጆቻችን ለኮሌጅ ክፍያ፣ ለዜግነት፣ ለሙያ፣ አንዳንዶችም አገራቸው ያደረጓትን አገር ለማገልገል ብለው ይገባሉ።

ሠራዊቱም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤፍ ኤም 7-22 የተባለው የጦሩ መመሪያ የወታደሩን ብቃት በአምስት ይከፍላል፦ አካል፣ ምግብ፣ አእምሮ፣ መንፈስና እንቅልፍ። ማይንድፉልነስና ተመስጦ በውስጡ ቦታ አላቸው። የምልምሉን ጡንቻ ብቻ ይሻ የነበረ ሠራዊት ዛሬ ስለ መንፈሱም ምዕራፍ ጽፏል። እኛ ስለ ወታደር መንፈስ ምን ጽፈናል?

ሥልጠናው አይሠራም ብዬ አልዋሻችሁም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በካሊፎርኒያ ካምፕ ፔንድልተን 281 የማሪን እግረኛ ወታደሮች ተጠንተው ነበር። ከፊሎቹ ከመደበኛው ዝግጅት በተጨማሪ የስምንት ሳምንት የማይንድፉልነስ ሥልጠና ወሰዱ። አስጨናቂ ልምምድ ካለፉ በኋላ የሠለጠኑት የልብ ምትና አተነፋፈስ ካልሠለጠኑት ይልቅ ፈጥኖ ወደ ልኩ ተመለሰ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አሚሺ ጃም በውጥረት ውስጥ ያሉ ወታደሮች ትኩረታቸው እንዳይበተን ልምምዱ እንደሚረዳ ለዓመታት ስታጠና ቆይታ፣ በቀን 12 ደቂቃ ይበቃል ትላለች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ልጁም ምስክር ነው። “ደህና እንቅልፍ ተኛሁ” ብሏል። እንቅልፍ ያጣ ምልምል ደህና እንቅልፍ ሲያገኝ እኔ ደስ ይለኛል። ኤልያስ ሞትን በለመነበት ቀን እግዚአብሔር ከመናገሩ በፊት አስተኝቶ አበላው (1ኛ ነገሥት 19)። አምላካችን የሥጋን ድካም የሚንቅ አምላክ አይደለም።

“ርኩስ ነው” ላላችሁ

እናቶቻችን የሚፈሩት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ዮጋ የሚለው ቃል በሳንስክሪት ማጣመርን፣ እንደ ቀንበር ማያያዝን ያመለክታል። በፓታንጃሊ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ ድርሰት ዓላማው የአእምሮን ንውጽውጽታ አቁሞ ነፍስን ነጻ ማውጣት ነው። ዛሬ በየጂሙ የሚሠራው አንዱ የእንቅስቃሴ ተርታ ስሙ ራሱ ለፀሐይ የሚቀርብ ሰላምታ ማለት ነው። ማይንድፉልነስም ቢሆን ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ሥልጠና አድርጎ ሲያዘጋጀው፣ የወሰደው ከቡድሂስት ተመስጦና ከዮጋ ነው። ሥሩን መካድ አያስፈልግም።

ነገር ግን ሥሩ አንድ ብቻ አይደለም። ማርክ ሲንግልተን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 “ዮጋ ቦዲ” በሚል መጽሐፉ፣ ዛሬ የምናየው የአካል አቋም ዮጋ ብዙ ነገሩን ከአውሮፓ ጂምናስቲክና ከአካል ማጎልመሻ እንቅስቃሴ እንደ ወረሰ ይከራከራል። ታዲያ ወገብ ማጠፍ የማን ነው? ትንፋሽስ የማን ነው? በአዳም አፍንጫ እፍ ያለው ማን እንደ ሆነ ዘፍጥረት 2 አይነግረንምን? ትንፋሽ ረጋ ሲል ልብም ረጋ እንዲል አድርጎ ሰውን የሠራው ፈጣሪ እንጂ መምህር አይደለም። የጌታን ሳንባ ለሌላ አምልኮ አስረክበን መሸሽ መንፈሳዊነት አይመስለኝም።

ጳውሎስ ይህን መሰል ነገር ገጥሞት ነበር። በቆሮንቶስ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ብዙው በጣዖት መሠዊያ በኩል ያለፈ ነበር። ጳውሎስ ከገበያው ሥጋ ሳትመረምሩ ብሉ አለ፤ ከጣዖቱ ማዕድ ጋር ግን አትካፈሉ አለ፤ “ይህ የተሠዋ ነው” ብሎ የሚነግርህ ሰው ካለ ደግሞ ለእርሱ ሕሊና ስትል ተው አለ (1ኛ ቆሮንቶስ 10)። ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ሦስቱም ማስተዋል ይጠይቃሉ። “ሁሉም ርኩስ” ማለት ማስተዋልን ያሳርፋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው።

ደግሞም አስቡ፤ ምልምል ከሰልፍ ተነሥቶ አይወጣም። “ውጣ” ያሉት ሰዎች መውጫውን አላሳዩትም፤ ፍርሃት ብቻ ጨመሩለት። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ልጃችን ወገቡን ወደ የት እንዳጎነበሰ ተጨነቅን፤ ጠመንጃውን ወደ ማን እንዳነጣጠረ ግን ማንም አልጠየቀውም። ለሰውነት አቋም የጸሎት ሰንሰለት አስተሳሰርን፤ ለሰው ቅርጽ ኢላማ አንድ ቃል አልነበረንም። ይህ የመንፈስ መለየት ከሆነ ምን እየለየን ነው?

“ስፖርት ብቻ ነው” ላላችሁ

እናንተ ደግሞ የተማራችሁ ናችሁ። በካሊፎርኒያ ኤንሲኒታስ ክርስቲያን ወላጆች የትምህርት ቤቱን ዮጋ ከስሰው እንደ ነበር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮግራሙ ሃይማኖት አይደለም ብሎ እንደ ወሰነ ታስታውሱናላችሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚመልሰው የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው። ነፍሴ ምን እየሆነች ነው ለሚል ሰው ዳኛ መልስ የለውም።

የተመስጦ ዘዴ ከጌታው ተለይቶ ባዶ ዕቃ አይሆንም፤ አዲሱ ጌታ የሚፈልገውን ይሞላበታል። ታሪክ ይመስክር። ብራያን ቪክቶሪያ ራሱ የዜን ካህን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1997 “ዜን አት ዎር” የተባለ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን የዜን መምህራን የአእምሮን ጸጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር አገልግሎት እንዴት እንዳዋሉት በሰነድ አሳየ። ያ ሰው ዜንን የጠላ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ቤቱን ኃጢአት የተናገረ ሰው ነበር። እኔም ዛሬ ከእርሱ የምማረው ይህን ነው።

ሌላም አለ። በቡድሂስት ትምህርት ትኩረት ብቻውን አይቆምም። ከስምንቱ መንገዶች አንዱ ነው፤ ከጎኑ ትክክለኛ ሥራ አለ፣ ከሥሩም “ነፍስ አታጥፋ” የሚል ትእዛዝ አለ። ስለዚህ በዚያው እምነት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ “ትኩረቱን ወስዳችሁ ትእዛዙን ለምን ጣላችሁት?” ብለው ይወቅሳሉ። እኛ እነርሱን ጣዖት አምላኪ ብለን ስናልፍ፣ እነርሱ ከእኛ ቀድመው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። ማፈር ካለብን በዚህ ነው።

በቅንነት ልናገር። ሥልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ናቸው አልልም። ልቡ የረጋ ወታደር ያልታጠቀውን ከታጠቀው ይለያል፣ ደንግጦ ሕፃን አይመታም ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ጥንቁቅ አስተማሪዎችም “አትፍረድ” ማለት ክፉውን መልካም በል ማለት አይደለም ብለው ያስረዳሉ። ነገር ግን አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽበት የዋለ የ19 ዓመት ልጅ ወለል ላይ ተጋድሞ ይህን ልዩነት ይሰማል ብላችሁ ታስባላችሁ? እሱ የሚሰማው “ይለፍ” የሚለውን ነው። ያም ትእዛዝ የመጣው ጠዋት “ተኩስ” ካለው አፍ ነው።

ተኩስ ሜዳ የዋለ ሰው የምለውን ያውቃል። ምልምሉ ከ40 ኢላማ ቢያንስ 23 መምታት አለበት። ለዚያም ትንፋሽ ያስተምሩታል፦ አየሩን አስወጣ፣ ቀጣዩን ከመሳብህ በፊት ባለችው ጸጥታ ምላጩን ሳብ። ይህ ማይንድፉልነስ የሚል ስም ሳይመጣ በፊት የነበረ ትምህርት ነው። እንግዲህ ማታ የሚያረጋጋህ ትንፋሽና ጠዋት የምትተኩስበት ትንፋሽ አንድ ነው። ትንፋሹ ኃጢአት የለበትም። ትንፋሹ ግን የቱ ጽድቅ የቱ ኃጢአት እንደ ሆነ አይነግርህም። ይህን የሚነግርህ ሌላ ነው፤ እሱንም ነው “አሳልፈው” የተባልከው።

የሚያልፍ ሐሳብና የማያልፍ ሐሳብ

ሐሳብ ሁሉ መያዝ አለበት አልልም። አለቃው የሰደበህ ስድብ ይለፍ። የነገው ሩጫ ፍርሃት ይለፍ። የትናንት ውርደት፣ “እኔ አልረባም” የሚል ድምፅ፣ ይለፍ፤ እንዲያውም በጌታ ስም ይሂድ። ጌታችን ራሱ ስለ ነገ አትጨነቁ ብሏል። እነዚህን በትንፋሽም በጸሎትም ማሳለፍ ጤና ነው።

ሕሊና ሲመታ ግን ደመና አይደለም። ዳዊት ወታደር ነበር፤ እጁ ደም የለመደ ሰው ነበር። በዋሻው ውስጥ የሳኦልን ልብስ ጫፍ ቆረጠ፤ የቆረጠው ጨርቅ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ግን ልቡ መታው ይላል (1ኛ ሳሙኤል 24)። አስቡት፤ በዚያ ሰዓት አንድ አሠልጣኝ ከጎኑ ቆሞ “አትያዘው፣ ይለፍ” ቢለው ኖሮ? ያ የልብ ምት ነው ሳኦልን ከሞት፣ ዳዊትንም ከገዳይነት ያዳነው። ጥቂት ቆይቶ አቢግያ በመንገድ ላይ አግኝታው፣ ያለ ምክንያት ያፈሰስከው ደም ለልብህ ዕንቅፋት እንዳይሆንብህ ብላ ለመነችው (1ኛ ሳሙኤል 25)። በኦርዮ ነገር ዳዊት ያን ድምፅ ባሳለፈ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ። ዝም ባለበት ወራት አጥንቶቹ እንዳረጁ ራሱ በመዝሙር 32 መስክሯል።

አቢግያ ያየችውን ሐኪሞች በእኛ ዘመን ስም ሰጥተውታል። ጆናታን ሼይ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ለዓመታት ሲያክም፣ ብዙዎቹን የሚያሰቃያቸው የሞት ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ አስተዋለ፤ ትክክል ነው ብለው የሚያምኑት ነገር ተክዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ ነገሩን አስፍተው ጻፉበት፤ ሰው ያደረገው፣ ያላስቆመው ወይም ያየው ክፉ ነገር የሚያቆስለው ቁስል ነው። እኛ የሕሊና ቁስል ብንለው ያምርበታል። ፍርሃትን ትንፋሽ ያበርደዋል። የሕሊና ቁስል ግን ንስሐና ይቅርታ፣ እውነትን የሚሰማ ጆሮ ይሻል።

ኤርምያስ የሕዝቡን ስብራት በላይ በላዩ እየፈወሱ ሰላም ሳይኖር ሰላም የሚሉ ሰዎችን ወቅሶ ነበር (ኤርምያስ 6፥14)። የተረጋጋ የልብ ምት መልካም ነገር ነው፤ ሰላም ግን አይደለም። የልብ ምቱ ልክ የሆነ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ሊጣላ ይችላል። ልቡ እየደለቀ፣ እያለቀሰ ያለ ሰው ደግሞ ከእግዚአብሔር ጋር ሊታረቅ ይችላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ልጁ ሊሄድ ሲል መድረክ ላይ አቁመን ጸለይንለት። እጃቸውን ከጫኑት አንዱ እኔ ነኝ። “ጌታ ይጠብቅህ” አልነው፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ፎቶ ተነሣን። ለብቻው ወስጄ “ሰው መግደል ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ? አስበህበታል?” ብዬ አልጠየቅሁትም። ፈራሁ። ደስታውን እንዳላበላሽ ፈራሁ፤ እናቱንም ፈራሁ። ክርስቲያኖች በዚህ ነገር አንድ ሐሳብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ሮሜ 13ንና ቆርኔሌዎስን ይዘው ክርስቲያን ወታደር መሆን ይችላል የሚሉ ብዙ ናቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥሯ በሆነው በሜኖናይት ትምህርት ደግሞ መሣሪያ ማንሣት ለክርስቶስ ተከታይ አይገባም። የትኛውንም ልንይዝ እንችላለን። ዝም ብለን ኬክ መቁረስ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ከዚያ ስለ ዮጋ ሲሰማ ሁሉም ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው በደላችን ከዚህ ይጠልቃል። “ጽሞና” የሚል ያማረ ቃል አለን። ሌላው ዓለም ለዝምታ ቃል ሲበደር እኛ ከአባቶቻችን የወረስነው አለ። ነገር ግን “ጽሞና አደረግህ?” ሲባል “ስልኬ ላይ የዕለቱን ጥቅስ አይቻለሁ” ማለት ከጀመርን ቆየን። ጉባኤያችን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መዝጊያው ቡራኬ ድረስ አንዲት ባዶ ደቂቃ የለውም፤ ሰባኪው ትንፋሽ ሲወስድ ኪቦርዱ ይሞላዋል። ጮኾ መጸለይን አልነቅፍም፤ በጮኸ ጸሎት የዳንኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ያ ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት እኛ ቤት ተመላልሶ፣ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ያለ ድምፅ የቆየበት የመጀመሪያው ቦታ የጦር ሰፈር ወለል ሆነ። ዝምታን ያስተማረው ሠራዊቱ ነው። ያስተማረውም ዝምታ ማንም የማይናገርበት ዝምታ ነው።

እኛ ልንሰጠው የሚገባን ሌላ ዓይነት ዝምታ ነበረን። ይስሐቅ ወደ ማታ ጊዜ በልቡ ሊያስብ ወደ ሜዳ ወጣ። መዝሙረኛው በ131ኛው ነፍሱን ጡት እንደ ጣለ ሕፃን በእናቱ ላይ አሳረፋት፤ ዝም አለች፣ ግን ብቻዋን አይደለችም። በ139ኛው ደግሞ መርምረኝ፣ በደል ካለብኝ እይ ብሎ ልቡን ከፈተ። ይህ “አትፍረድ” ከሚለው ዝምታ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። በዚያኛው ሐሳብህን አንተ ታያለህ፣ ማንም አይፈርድም፣ ማንም ይቅር አይልም። በዚህኛው የሚያይህ አለ፤ ስለሚያይህ ይፈርዳል፤ የሚፈርደው እሱ ራሱ ስለሞተልህ ይቅር ይላል። ፍርድን ያጠፋ ሰው ይቅርታንም አብሮ አጥፍቶታል።

ዮጋ ቀንበር ከሚል ሥር የመጣ ነው ብያለሁ። ጌታም ደካሞችን ሲጠራ ቀንበሬን ተሸከሙ ብሏል፤ የሰጠው ተስፋም ለነፍስ ዕረፍት ነው (ማቴዎስ 11)። ስለዚህ ሁላችንም በአንድ ነገር ተጠምደናል፤ የሚለየን በሌላው ጫፍ አብሮን የተጠመደው ማን እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወታደሮች መጥተው መጥምቁ ዮሐንስን “እኛስ ምን እናድርግ?” ብለው ጠይቀውት ነበር (ሉቃስ 3፥14)። ዮሐንስ አላባረራቸውም፤ “ተረጋጉ” ብሎም አላለፋቸውም። ስለ እጃቸው ሥራ ነገራቸው፦ ማንንም አትንጠቁ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ። እኔም በዚያው መንገድ ልናገር።

ገና ያልፈረማችሁ፦ የመግደልን ጥያቄ ቀኝ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። የመጀመሪያው ውል የሚያስከትለው ጠቅላላ ግዴታ፣ የተጠባባቂነቱ ጊዜ ተጨምሮ፣ ስምንት ዓመት ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር፣ ከሽማግሌ ጋር፣ ከወላጅ ጋር ተቀመጡበት። መልመያ ቢሮ ይህን አይጠይቅላችሁም።

በሥልጠና ላይ ያላችሁ፦ ሰውነታችሁን አፍታቱ፣ ትንፋሻችሁን ቁጠሩ፣ ተኙ። የሌላ አምላክ ስም ጥሩ፣ ለፀሐይ ወይም ለሌላ ፍጥረት ቃል አቅርቡ ከተባላችሁ ግን በአክብሮት እምቢ በሉ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ የወታደርን የእምነት ነጻነት ያውቃል፤ ጥያቄው በአዛዥና በሠራዊቱ ቄስ በኩል ይቀርባል። ለቄሱ በምስጢር የነገራችሁት ለአዛዥ አይነገርም፤ ተጠቀሙበት። ከገባችሁ በኋላ ሕሊናችሁ ከጦርነት ሁሉ ከከለከላችሁም በሕግ የምታመለክቱበት መንገድ አለ፤ እንደ ከሃዲ ራሳችሁን አትቁጠሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እሱ እንዲያልፍ ዝም ተብሎ የሚጠበቅ ሐሳብ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ፤ በአሜሪካ 988 ደውሎ 1ን ለሚጫን ወታደር ቀንም ሌሊትም የሚያነሣ አለ።

የወጣት መሪዎች፦ የሄዱትን ልጆች ስም ዝርዝር አውጡ። በወር አንድ ደብዳቤ በእጅ ጻፉላቸው። ሲመለሱ “ሰው ገድለሃል?” ብላችሁ የወሬ ጥያቄ አትጠይቁ፤ ለመናገር ሲዘጋጁ የሚሰማ ሰው ግን መድቡ። ሳትደነግጡ፣ ሳታቃልሉ፣ ጥቅስ ለመጥቀስ ሳትቸኩሉ ስሙ።

ሁላችሁም፦ 12 ደቂቃ። ተመራማሪዋ ለትኩረት ይበቃል የምትለው ይህን ያህል ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ኪቦርዱ ይዘጋ፣ ስልኮች በቅርጫት ይሰብሰቡ፣ መዝሙር 139 አንድ ጊዜ ይነበብ፣ ከዚያ 12 ደቂቃ ዝም በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አሳሳቂ ይሆናሉ፤ ከዚያ ያሳቅቃሉ። ልባችሁን የሚመታው ሐሳብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አታሳልፉት። ለጌታ ንገሩት፤ ያስፈለገ እንደ ሆነ ለወንድም ወይም ለእህት ንገሩት።

ለልጁ የመለስኩለት አጭር ነበር። “ትንፋሽህን ቁጠር፤ እንቅልፍህንም ተኛ። ያን ሐሳብ ግን ማሳለፍ አልነበረብህም። የእግዚአብሔር ደግነት ነበር። አሁንም አልረፈደም፤ ጠርተህ መልሰው፤ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ እሑድ ወደ ጸሎት ቤቱ ይዘኸው ግባ። ስትሄድ ልጠይቅህ ሲገባኝ ዝም ስላልኩህም ይቅር በለኝ” አልኩት።

ሥልጠናውን ጨርሷል፤ እስካሁን በሠራዊቱ ውስጥ ነው። ጥያቄውም አብሮት አለ። ባለፈው ሳምንት ሲደውል “ጋሼ፣ ሐሳቡ ተመልሷል” አለኝ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።